ከስፒከሩ ጀርባ ያሉት አራት ተርሚናሎች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ዛሬ የምናወራው ሙዚቃን ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር ስለሚያደርሰው ገመድ ነው። ቤታችሁ ባለ ሣጥን ስፒከር ካለ፣ እያዳመጣችሁኝ ወደ ጀርባው ዞር ብላችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል። በብዙዎቹ ላይ ሁለት የገመድ ማሰሪያ ተርሚናል ነው ያለው፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር። በአንዳንዶቹ ላይ ግን አራት ታገኛላችሁ፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ የሚያያይዙ ሁለት ጠፍጣፋ የብረት ቁራጮችም አብረው ይመጣሉ። ጃምፐር ይሏቸዋል።

ጃምፐሮቹ እንደታሰሩ ከሆነ ስፒከሩ በአንድ ገመድ ይሠራል። ፈትታችሁ ካወጣችኋቸው ግን ለላይኛው ጥንድ አንድ ገመድ፣ ለታችኛው ጥንድ ሌላ ገመድ፣ ከዚያው ከአንዱ አምፕሊፋየር መሳብ ይቻላል። ይህ አሠራር ባይዋየሪንግ ይባላል። ድምፁ ይጠራል፣ ቤዙ ይሰበሰባል፣ ዘፋኙ ከመሣሪያዎቹ ተለይቶ ይወጣል የሚሉ አሉ። ምንም የሚጨምረው ነገር የለም የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገን ዓመታት ተከራክረዋል፤ ዛሬም ስፒከር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ይህንኑ ክርክር ይዞ ነው የሚወጣው።

የደረስኩበትን ከወዲሁ ልንገራችሁና ምክንያቱን አብረን እናያለን። በአንድ ተራ ሳሎን ውስጥ፣ ጥቂት ሜትር በሆነ ደህና ገመድ፣ ባይዋየሪንግ ብቻውን የሰው ጆሮ የሚለየው ለውጥ አያመጣም። ይህን ስል ለውጥ ሰምተናል የሚሉትን ዋሽታችኋል ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ በእርግጥ የሰሙት ነገር አለ። ያ የሰሙት ነገር ከየት እንደመጣ ማወቁ ነው የሚጠቅመን፤ ገመድ ገንዘብ ነው፣ ሁለተኛ ገመድ ደግሞ ሁለተኛ ገንዘብ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ሣጥኑን እንክፈተው። በተለመደው ባለ ሁለት ስፒከር ሣጥን ውስጥ ትልቁ ዉፈር ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ፣ ከበሮውን፣ ቤዝ ጊታሩን፣ የዘፋኙን ድምፅ አብዛኛውን ክፍል እሱ ይሸከማል። ከላይ ያለው ትንሹ ትዊተር ነው፤ ብዙ ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉልላት ሲሆን ቀጫጭኑን ድምፅ፣ የጸናጽሉን ሹክሹክታ፣ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ፉጨት ያወጣል። በትዊተሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ እጅግ ቀጭን ስለሆነ የቤዝ ጉልበት በቀጥታ ቢደርስበት ይቃጠላል። ስለዚህ ከተርሚናሎቹ በስተጀርባ፣ ሣጥኑ ውስጥ፣ ክሮስኦቨር የሚባል ሰሌዳ ይገጠማል። ወደ ትዊተሩ በሚሄደው መንገድ ላይ ካፓሲተር አለ፤ ወፍራሙን ድምፅ ያግዳል። ወደ ዉፈሩ በሚሄደው መንገድ ላይ ኮይል አለ፤ ቀጭኑን ያግዳል። ሁለቱ የሚከፋፈሉበት ድንበር በአብዛኞቹ የቤት ስፒከሮች ከ2000 እስከ 3000 ኸርዝ ባለው መካከል ይወድቃል።

አራት ተርሚናል ያለው ስፒከር ከባለ ሁለቱ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትዊተሩ ካፓሲተርና የዉፈሩ ኮይል ሣጥኑ ውስጥ አልተያያዙም፤ ለየብቻ ወደ ውጭ ወጥተዋል። የሚያገናኛቸው ጃምፐሩ ነው። ክሮስኦቨሩ ያው ነው፤ ዉፈሩም ያው፣ ትዊተሩም ያው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። ሁለት ገመድ ሲዘረጋ ቤዙ በአንዱ፣ ቀጭኑ ድምፅ በሌላው ተለይቶ የሚሄድ ይመስላል። አምፕሊፋየሩ ግን ምንም አልለየም። ሁለቱም ገመዶች የታሰሩት በአንዱ ቀይና በአንዱ ጥቁር ተርሚናል ላይ ነው፤ ስለዚህ በሁለቱም ላይ ያለው ቮልቴጅ ፍጹም አንድ ነው፤ ሙሉው ሙዚቃ ከነቤዙ ከነፉጨቱ። የሚለያየው በገመዶቹ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ነው። የትዊተሩ ካፓሲተር ወፍራሙን ድምፅ ስለማያሳልፍ በላይኛው ገመድ ውስጥ የቤዝ ከረንት የለም ማለት ይቻላል። በታችኛው ውስጥም የቀጭኑ ድምፅ ከረንት ትንሽ ነው። እንግዲህ የባይዋየሪንግ ደጋፊዎች ከረንቱ ይለያያል ሲሉ እውነት አላቸው። ጥያቄው ያ መለያየት ለጆሯችን ምን ያመጣል የሚለው ነው።

በአሜሪካ የሚታወቀው ስፒከር ሠሪ ሪቻርድ ቫንደርስቲን የባይዋየሪንግ ጠንካራ ደጋፊ ነው። ኩባንያው የሰጠው ማብራሪያ ከተራ ወሬ የተሻለ ስለሆነ በደንብ ላንሣው። በገመዱ ዙሪያ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ በመለኪያ ፈትሸው፣ የቤዙ ትልቅ ከረንት ከሙዚቃው ጋር የሚሰፋና የሚጠብ መስክ እንደሚፈጥር አይተዋል። ይህ ተለዋዋጭ መስክ በዚያው ገመድ የሚያልፈውን ትንሹን፣ ቀጭኑን ድምፅ ያናውጠዋል፤ ገመዱ ከተለየ ግን ትዊተሩ ሰላም ያገኛል ብለው ያምናሉ።

መስኩ መኖሩ አያከራክርም። ከረንት ባለበት ሁሉ መግነጢሳዊ መስክ አለ። ነገር ግን መዳብም ሆነ በዙሪያው ያለው ፕላስቲክና አየር እንደ ብረት መግነጢስ የሚይዙ አይደሉም። በእነሱ ውስጥ የአንዱ ከረንት መስክ በሌላው ላይ ይደመራል እንጂ አይቀይረውም። መሐንዲሶች ይህን ባሕርይ ሊኒየር ይሉታል። ሁለት ሲደመር ሦስት አምስት ነው፤ አምስቱን መልሳችሁ ብትለያዩት ያው ሁለትና ሦስት ታገኛላችሁ። ክሮስኦቨሩ የሚሠራው ይህንኑ መለየት ነው።

በኢንተርኔት ሳይሆን በሬዲዮ የምትከታተሉን ሁሉ ማስረጃው እጃችሁ ላይ ነው። በሬዲዮናችሁ አንድ አንቴና ላይ አሁን ያለው የእኛ ጣቢያ ሞገድ ብቻ አይደለም። በአካባቢያችሁ የሚያሠራጩ ጣቢያዎች ሁሉ፣ የስልክ ማማዎቹም ጭምር፣ ሞገዳቸውን በዚያች ዘንግ ላይ በአንድ ጊዜ ያሳርፋሉ። ከእኛ እጅግ የሚበረታ ጎረቤት ጣቢያ ሊኖር ይችላል። ሆኖም አንቴናው ውስጥ አንዱ ሌላውን አያደፈርስም፤ ሬዲዮናችሁ የሚፈልገውን መርጦ ሌላውን ይተዋል። አንድ ዘንግ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ካላደባለቀ፣ 3 ሜትር የመዳብ ገመድ ቤዝና ጸናጽል ተሸክሞ የሚያደባልቅበት ምክንያት የለም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ለሌላኛው ወገን ልከራከርለት፤ ሳይንሱ ልዩነቱ ዜሮ ነው አላለምና። ገመድ ትንሽም ቢሆን ሬዚስታንስ አለው። ዉፈሩ ደግሞ ሲንቀሳቀስ ፍጹም አይደለም፤ በሚስበው ከረንት ውስጥ በሙዚቃው ያልነበረ ነገር፣ ዲስቶርሽን የምንለው፣ ይጨምራል። ገመዱ የጋራ ከሆነ ያ የተበላሸ ከረንት በገመዱ ሬዚስታንስ ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ያም ቮልቴጅ ትዊተሩ በር ላይ ይደርሳል። ገመዱ ሲለይ ይህ ይቀራል። እንግዲህ ባይዋየሪንግ የሚያስቀረው እውነተኛ ነገር አለ። ስንት ነው? እናስላው።

የቤት ሶኬት ሲዘረጋ ኤሌክትሪሻኖች የሚጠቀሙበትን ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር የመዳብ ገመድ እንውሰድ። አንድ ሜትሩ 0.007 ኦም ያህል ነው። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ 3 ሜትር ቢርቅ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ 6 ሜትር ይሆናል፤ ይህም 0.04 ኦም ገደማ ነው። ስፒከሩ 8 ኦም ነው እንበል። የዉፈሩ ከረንት አንድ በመቶው የተበላሸ ቢሆን፣ ከዚያ ትዊተሩ በር ላይ የሚደርሰው ከሙዚቃው ቮልቴጅ ከ20,000 አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ዉፈሩ ራሱ፣ እዚያው ትዊተሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ አንድ በመቶውን በቀጥታ ወደ አየር እየለቀቀ ነው። ከዚያ 200 ጊዜ የሚያንስ ነገር ከሥሩ ሊሰማ አይችልም።

የገመዱ ራሱ የድምፅ መቀነስስ? በዚሁ ገመድ 0.04 ዴሲቤል ነው። ይህ ደግሞ ገመዱ በአጠቃላይ የሚያጠፋው ነው፤ ባይዋየሪንግ የሚለውጠው ከዚህም ከፊሉን ብቻ ነው። ቁጥር ስለማይጨበጥ የስቱዲዮ ቴክኒሻናችን ድምፁን እንዲያሰማልን ጠይቄዋለሁ። ሬዲዮናችሁን ሳትነኩ አዳምጡ።

(ድምፅ፦ 1000 ኸርዝ ለ3 ሰከንድ፤ አጭር ዝምታ፤ ያው ድምፅ በ0.04 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ለ3 ሰከንድ)

ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ0.04 ዴሲቤል ዝቅ ብሏል። እኔ እዚህ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ አልለየሁትም። አሁን ደግሞ ይህን ስሙ።

(ድምፅ፦ 1000 ኸርዝ ለ3 ሰከንድ፤ አጭር ዝምታ፤ በ1 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ለ3 ሰከንድ፤ አጭር ዝምታ፤ በ3 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ለ3 ሰከንድ)

መካከለኛው በ1 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ነው፤ ልብ ብሎ ያዳመጠ ይለየዋል። የመጨረሻው 3 ዴሲቤል ነው፤ እሱን ሁሉም ሰው ይሰማዋል። ገመዳችን ያመጣው ልዩነት ከ1 ዴሲቤል ሃያ አምስት ጊዜ ያንሳል።

ታዲያ ገመድ በጭራሽ ለውጥ አያመጣም ማለት ነው? አይደለም፤ ያመጣል። ቀጭንና ረጅም ሲሆን። ከስፒከር ጋር በነፃ የሚሰጠውን ዓይነት ቀጭን ባለ 0.75 ገመድ 10 ሜትር ብትዘረጉ ሬዚስታንሱ ወደ 0.46 ኦም ይደርሳል። የስፒከር ኦም ደግሞ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ እንደ ድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ይወጣል ይወርዳል። አንድ ቦታ 4 ኦም፣ ሌላ ቦታ 20 ኦም ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀጭን ገመድ፣ 4 ኦም ባለበት ቦታ ድምፁ በ0.9 ዴሲቤል ሲቀንስ፣ 20 ኦም ባለበት በ0.2 ብቻ ይቀንሳል። ይህ የስፒከሩን የድምፅ ቅርጽ ይለውጣል፤ ጆሮም ሊይዘው ይችላል። ማኪንቶሽ ለተባለው የአሜሪካ የድምፅ መሣሪያ አምራች ስፒከሮችን ይነድፍ የነበረው ሮጀር ረስል ያስቀመጠው ቀላል መመሪያ አለ፦ የገመዱ ሬዚስታንስ ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ አይብለጥ። በዚህ መመሪያ ለ8 ኦም ስፒከር ባለ 2.5 ገመድ እስከ 29 ሜትር ድረስ ይፈቀዳል። ለ4 ኦም ስፒከር ግማሹን። የብዙዎቻችን ሳሎን ደግሞ ያን ያህል አይረዝምም።

ከዚህ የሚከተል ነገር አለ፤ ሻጮች ሲናገሩት ሰምቼ ስለማላውቅ እኔ ልናገረው። ሁለት ጥንድ ገመድ ቀድሞውኑ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ጃምፐሮቹን ሳትፈቱ ሁለቱን ገመዶች አንድ ላይ አጣምራችሁ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ብታስሯቸው፣ ለዉፈሩም ለትዊተሩም ሬዚስታንሱ በግማሽ ይወርዳል። ለያይታችሁ ባይዋየር ብታደርጓቸው ግን እያንዳንዱ የሚያገኘው የራሱን አንድ ገመድ ብቻ ነው። መዳቡ ያው ነው፤ አሠራሩ ግን የመጀመሪያው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰዎች ለውጥ ሰማን ሲሉ ምን ሰምተው ነው?

ገመድ የሚቀየርበትን ሰዓት በቅርብ እንየው። ሰውየው አምፕሊፋየሩን ያጠፋል፤ ስፒከሩን ከግድግዳው ይስባል። ለዓመታት ያልተነካውን ተርሚናል በጣቱ ሊያዞረው ይሞክራል፤ እንቢ ሲለው በፒንሳ ይዞ ያላላዋል። የሌላኛው ተርሚናል ዳዶ ደግሞ ላልቶ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ጃምፐሩን ሲያወጣው ከሥሩ የጠቆረ ነው፤ አቧራ አለ፣ ኦክሳይድ አለ። የድሮው ገመድ ጫፍ አረንጓዴ ለብሷል፤ ይቆርጠዋል። የአዲሱን ገመድ ፕላስቲክ ይልጥና የሚያብረቀርቀውን መዳብ ጠምዝዞ አጥብቆ ያስራል። ሲጨርስ ስፒከሩን ወደ ቦታው ይገፋዋል። ሙዚቃ ይከፍታል። ድምፁ ጠርቷል!

ጠርቶ ሊሆን ይችላል። የላላ ወይም የዛገ ጃምፐር የትዊተሩን ድምፅ ሊያዳክም፣ ሊያቆራርጥም ይችላል፤ ገመዱ ከታችኛው ጥንድ ላይ ከታሰረ ሙሉው የትዊተር ከረንት የሚያልፈው በእሱ ስለሆነ። ጃምፐሩን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ፈትጎ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ አጥብቆ መልሶ ቢያስረው ያንኑ ለውጥ ያገኝ ነበር። ወርቅ ቅብ ከሆነ ግን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት፤ ቅቡ ይላጣል፣ በጨርቅና በአልኮል መጥረግ ይበቃዋል። ስፒከሩም ወደ ቦታው ሲመለስ በትክክል የነበረበት ላይ አልዋለም፤ አንድ ጋት ፈቀቅ ብሏል፣ ወይም ፊቱን ትንሽ አዙሯል። ይህ ብቻውን ከገመድ በላይ ድምፅ ይቀይራል።

ሌላም አለ፤ የሽቦ መገላበጥ። ሁለት ስፒከር በአንድ አንድ ገመድ ሲታሰር ስምንት የሽቦ ጫፍ ነው ያለው። በባይዋየሪንግ አሥራ ስድስት ይሆናል። አንዱ ስፒከር ላይ ትዊተሩ ብቻ ቀዩ ከጥቁር ተገላብጦ ቢታሰር፣ ምንም ነገር አይቃጠልም፤ ድምፅም አይጠፋም። ሆኖም ዉፈሩና ትዊተሩ በሚገናኙበት ድንበር ላይ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ እዚያ ያለው ድምፅ ይጎድላል። ሰውየው ልዩነት ይሰማል፤ ልዩነቱም እውነተኛ ነው። አንዳንዱ ይህን ጉድለት እንደ ልስላሴ ወስዶ ሊወደው ይችላል። ይህን ለማጣራት ማሲንቆ ያለበት ዘፈን ጥሩ ነው፤ የማሲንቆው ሻካራ ድምፅ ከዉፈር ተነስቶ ያን ድንበር እየተሻገረ ወደ ትዊተር ይወጣል። ሁለቱን ስፒከሮች ለየብቻ እያጫወታችሁ አወዳድሩ፤ ማሲንቆው በአንዱ ደብዝዞ ከተሰማ ሽቦውን መልሳችሁ እዩ።

የመጨረሻው ምክንያት እኛው ራሳችን ነን። ይህን የምናገረው በአክብሮት ነው፤ ማንም ሰው ከዚህ ነፃ አይደለምና። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ የድምፅ ተመራማሪዎች ለሃርማን ኩባንያ ሲሠሩ አንድ ጥናት አቀረቡ። አድማጮች ያንኑ ስፒከር አንድ ጊዜ እያዩት፣ አንድ ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሳያዩት ነጥብ እንዲሰጡት ተደረገ። ነጥቡ ተለያየ። ሲያዩ ትልልቆቹና የተከበሩት ስፒከሮች ከፍ አሉ፤ ትንሿና ርካሿ ዝቅ አለች። ሳያዩ ግን ያች ትንሿ የተሻለ ነጥብ አገኘች። አድማጮቹ ልምድ የሌላቸው ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ልምድ ያላቸውም ነበሩባቸው። ዓይን ያየው፣ ልብ የጠበቀው፣ ኪስ የከፈለው ሁሉ ወደ ጆሮ ይገባል። ሰውየው አልዋሸም፤ የሰማው እንዲያ ነው።

ስለዚህ ማጣራት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ከጨዋታው ማውጣት አለበት። መሐንዲሱ ዴቪድ ክላርክ በ1982፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ ስለዚህ ዓይነት ፈተና የጻፈው ጽሑፍ ዛሬም መነሻ ነው፤ አድማጩም ሆነ ፈታኙ የትኛው መሣሪያ እየተጫወተ እንደሆነ ሳያውቁ በመቀየሪያ መሣሪያ ያወዳድራሉ። እቤት ውስጥ ያን ያህል መድረስ ባይቻልም አንድ ጓደኛ ካለ ይሠራል። እናንተ ከክፍሉ ውጡ። ጓደኛችሁ ሳንቲም ይወርውር፤ አንበሳው ከወጣ ጃምፐሩን ፈትቶ በሁለት ገመድ ይሰር፣ ካልወጣ ጃምፐሩን መልሶ በአንድ ገመድ ይሰር። የባለፈውን መድገም ቢኖርበት እንኳ ፈትቶ ይሰር፤ አለበለዚያ የቆየበት ጊዜ ይነግራችኋል። የቮልዩሙ ቁልፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነካ። ጓደኛችሁ መጋረጃ ጋርዶ ከክፍሉ ይውጣ፤ እናንተ ገብታችሁ አዳምጡና «አንድ» ወይም «ሁለት» ብላችሁ ጻፉ። አሥራ ስድስት ጊዜ ድገሙት። አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ከመታችሁ፣ ይህ በግምት ብቻ የሚሆንበት ዕድል ከመቶ አራት አይሞላም፤ አንድ ነገር እየሰማችሁ ነው። ስምንት ዘጠኝ ከሆነ ሳንቲሙም ያንኑ ያገኝ ነበር።

በየመሐሉ አምስት ደቂቃ ስለሚያልፍ ጆሮ ይረሳል የሚል ሰው ይኖራል፤ ትክክል ነው፣ ጥቃቅን የድምፅ ልዩነት በጆሮ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ነገር ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው ለሚል ሰው አምስት ደቂቃ ሊያስቸግረው አይገባም።

ታዲያ ፋብሪካዎቹ ለምን አራት ተርሚናል ያደርጋሉ? ከፊሎቹ በነገሩ ያምናሉ። ከፊሎቹ ገዢው ስለሚጠብቀው ያደርጉታል። የማያደርጉም አሉ። የዴንማርኩ ዳይናውዲዮ ባለ አንድ ጥንድ ተርሚናል ብቻ በመሥራት የታወቀ ነው። የእንግሊዙ ኬኢኤፍ 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር በአውሮፓውያኑ 2012 ያወጣው ኤልኤስ50 የተባለው ዝነኛ ስፒከርም ከጀርባው ሁለት ተርሚናል ነው ያለው። ለእኛ ለሬዲዮ ሰዎች ይህ ስፒከር ትርጉም አለው፤ መነሻው ቢቢሲ ለተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ መኪኖቹ በ1970ዎቹ ያሠራው ትንሹ ኤልኤስ3/5ኤ ነው፤ በእሱም ውስጥ የነበሩት ዉፈርና ትዊተር የኬኢኤፍ ነበሩ።

አራቱ ተርሚናሎች ግን አንድ እውነተኛ ጥቅም አላቸው፦ ባይአምፒንግ፣ ማለትም ለዉፈሩ አንድ አምፕሊፋየር፣ ለትዊተሩ ሌላ አምፕሊፋየር መስጠት። ይህም ሁለት ዓይነት ነው። የስፒከሩን ክሮስኦቨር እንዳለ ትቶ አምፕሊፋየር ብቻ መጨመር የሚያመጣው ጥቅም ትንሽ ነው፤ በተለይ ሁለቱም በአንድ ሪሲቨር (ብዙ አምፕሊፋየር ባለበት መሣሪያ) ውስጥ ያሉ ከሆነ የኃይል ምንጫቸው ያው ስለሆነ። ክሮስኦቨሩን ከአምፕሊፋየሩ በፊት አምጥቶ ድምፁን ገና ትንሽ ሳለ መክፈል ግን ትልቅ ለውጥ ነው፤ ትላልቅ ኮይሎች ይቀራሉ፣ እያንዳንዱ አምፕሊፋየር የራሱን ክፍል ብቻ ይሠራል። መሐንዲሱ ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝ በአውሮፓውያኑ 1976 ስለዚህ ባሳተመው ጽሑፍ የተጠቀሰው፣ ከባልደረባው ራስ ራይሊ ጋር በጋራ ስማቸው የሚጠራው ክሮስኦቨር ዛሬም በኮንሰርት መድረኮችና በስቱዲዮ ስፒከሮች ውስጥ ይሠራል። ይህ ግን ስፒከሩን እንደ አዲስ መንደፍ ነው፤ ገመድ መጨመር አይደለም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይህን እባካችሁ ልብ በሉ። በሁለት አምፕሊፋየር ስትሠሩ ጃምፐሮቹን ማውጣት ብትረሱ የሁለቱ አምፕሊፋየሮች መውጫ እርስ በርሱ ይገናኛል፤ አንዱ ወይም ሁለቱም ሊቃጠሉ ይችላሉ። በባይዋየሪንግ ደግሞ አንዳንድ ሰው አንዱን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ «ኤ» ተርሚናል፣ ሌላውን ከ«ቢ» ያስራል። በብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች ይህ ይሠራል፤ በአንዳንድ አሮጌዎች ግን «ኤ» እና «ቢ» አብረው ሲበሩ በተከታታይ ነው የሚገናኙት፤ ድምፁ ፈጽሞ ይበላሻል። መመሪያውን ሳታነቡ አትሞክሩ።

ለሁለተኛ ገመድ የመደባችሁት ጉልበት ካለ ስፒከሩ በቆመበት ቦታ ላይ አውሉት። ከስፒከሩ የወጣው ወፍራም ድምፅ ወደ ኋላም ይሄዳል፤ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ስፒከሩ ከጀርባው ግድግዳ 1 ሜትር ሲርቅ የተመለሰው ድምፅ በ86 ኸርዝ አካባቢ ከፊተኛው ጋር ተቃርኖ ያጠፋዋል፤ ይህ ቤዝ ጊታር የሚጫወትበት ቦታ ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ብታደርጉት ጉድለቱ ወደ 171 ኸርዝ ይወጣል። ወደ ግድግዳው ስታስጠጉት ደግሞ ቤዙ እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል፤ ጥግ ላይ ከዚያም በላይ፤ በዚህ ነው አንዳንድ ቤት ቤዙ የሚያጓራው። ቅድም ከሰማችኋቸው ድምፆች ጋር አስተያዩት፤ ይህ በአሥርና በመቶ እጥፍ የሚበልጥ ነገር ነው፣ ዋጋውም ስፒከሩን መግፋት ነው። የሚታወቅ ዘፈን ክፈቱ፤ በየጊዜው አንድ ስንዝር እያንቀሳቀሳችሁ ዘወትር የምትቀመጡበት ወንበር ላይ ሆናችሁ አዳምጡ፤ ቤዙ የሚስተካከልበትን ቦታ ስታገኙ ወለሉ ላይ በናስትሮ ምልክት አድርጉበት።

ባለ አራት ተርሚናል ስፒከር ላላችሁና በአንድ ገመድ ለምትቀጥሉ፣ ገመዱን ከላይ ልሰር ወይስ ከታች ብላችሁ አትጨነቁ፤ ጃምፐሩ ንጹሕና የጠበቀ እስከሆነ ድረስ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አይለካም ማለት ይቻላል። ጃምፐሩ ከጠፋባችሁ ወይም ከተቆለመመ ከዚያው ከስፒከር ገመዱ ሁለት አጫጭር ቁራጮች ቆርጣችሁ፣ ጫፋቸውን ልጣችሁ እሰሩ፤ ከፋብሪካው ጃምፐር አያንስም። ቀጫጭን የሽቦ ክሮች ወደ ጎን ወጥተው ቀዩንና ጥቁሩን እንዳያገናኙ እዩ። ይህን ሁሉ የምትሠሩት ደግሞ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ነው።



(የመውጫ ሙዚቃ)